የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ቶሎ ይበስላል ወይስ እንዲሁ ይባላል? (ለሳይንስ ክበብ፣ ሀዋሳ)

አቶቴ_10ኛ
ሰኞ፣ ማታ 1:40

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነኝ፣ 10ኛ ክፍል። የሳይንስ ክበባችን ሴሚስተሩ ሲያልቅ ኤግዚቢሽን አለው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሙከራ ይዞ ይቀርባል። አምና ከቀረበው ግማሹ እሳተ ገሞራ ነበር። ኮምጣጤና ሶዳ ቀላቅሎ አረፋ ማስወጣት። ዘንድሮ የክበቡ ኃላፊ «አረፋ አልፈልግም፣ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ» ብለውናል።

እኛ ቤት ቦሎቄ ይዘወተራል። እናቴ ማታ ዘፍዝፋ ካላሳደረች አትቀቅልም። «ከሰሉን በግማሽ ይቀንሳል» ትላለች። አክስቴ ደግሞ «ልማድ ነው እንጂ ጥሩ እሳት ካለ ሁሉም ይበስላል» ባይ ናት። ሁለቱ ሲከራከሩ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

እቅዴ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ግማሽ ኪሎ ሳልዘፈዝፍ እቀቅላለሁ። እሁድ ዘፍዝፌ ያሳደርኩትን ግማሽ ኪሎ እቀቅላለሁ። ሰዓት እይዛለሁ። ያነሰው አሸነፈ ማለት ነው። ይበቃል? የጎደለ ካለ ሳልጀምር ንገሩኝ።

አባ_ኮዳ
ሰኞ፣ ማታ 1:52

ይበቃል እንጂ። ሲያልቅ የሚበላ ሙከራ የት ይገኛል? እኔ አሞራ ገደል ዓሣ እየጠበቅኩ ነው የምውለው፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ወደ አቶቴ ብቅ ማለት እችላለሁ።

ጠመኔ
ሰኞ፣ ማታ 2:30

ጎበዝ። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይ ደስ ይለኛል። እቅዱ ግን ገና ነው።

እሁድ የተቀቀለው ቀደመ እንበል። አክስትሽ ምን ይላሉ? «እሁድ ከሰሉ ደረቅ ነበር» ይላሉ። «ቅዳሜ ነፋስ ነበር፣ ክዳኑን ደጋግመሽ ከፍተሻል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል የተለወጠው መዘፍዘፉ ብቻ አይደለም። እሳቱም፣ አየሩም፣ ምናልባት ድስቱም ተለውጧል። የትኛው እንዳስቀደመው በምን ታውቂያለሽ?

ስለዚህ ሥራሽ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ እኩል ማድረግ ነው። ሆን ብለሽ የምትለውጪው መዘፍዘፉን ነው። የምትለኪው የሚበስልበትን ጊዜ ነው። እሳት፣ ውሃ፣ ድስት፣ የቦሎቄው ዓይነት፣ የፍሬው ብዛት አንድ ይሁኑ። ያልተዘፈዘፈው ኮንትሮልሽ፣ ማለትም ማነጻጸሪያሽ ነው። እሱ ከሌለ «ቶሎ በሰለ» ስትዪ «ከምን?» የሚል ይመጣል።

ሌላው ደግሞ እሳት ሳይነድ የሚሠራ ነው። እናትሽንና አክስትሽን አንድ ላይ አስቀምጪና ጠይቂያቸው። «ምን ብታዩ ነው ተሸነፍኩ የምትሉት?» መልሳቸውን በእስክሪብቶ ጻፊ። ከውጤቱ በኋላ የሚመጣ ምክንያት መቼም ሞልቶ ነው። ቀድሞ የተጻፈ ግን ማንንም አያላውስም።

የጓዳ_ሰው
ሰኞ፣ ማታ 3:05

ልጄ፣ ሳይንሱን አላውቅም፣ ምግብ ቤት አለኝ። ቦሎቄውን ከየት ነው የምትገዢው? ከሁለት ሻጭ ከገዛሽ ለከንቱ ነው። የዘንድሮውና የከረመው አንድ አይደለም። የከረመ ቦሎቄ ቀኑን ሙሉ ብታፈይው ድንጋይ ነው። በተለይ ሙቀት ያለበት መጋዘን የከረመ ከሆነ ተይው። ከአንድ ጆንያ፣ አንዴ ገዝተሽ፣ በደንብ አደባልቀሽ አስቀምጪ።

ጥቁር_ውሃ
ሰኞ፣ ማታ 3:20

እትዬ ያሉት በጥናትም የታወቀ ነገር ነው። እኔ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ቦሎቄ ሞቃትና እርጥበት ባለበት ቦታ ሲከርም ውስጡ ይለወጣል፣ ሴሎቹን የሚያያይዘው ነገር በሙቀት አልላቀቅ ይላል። ስለዚህ እድሜው እኩል መሆን አለበት።

አቶቴ፣ «ግማሽ ኪሎ» ያልሽው ላይ ወጥመድ አለ። ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ቦሎቄ የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ይጠጣል። ጠዋት ግማሽ ኪሎ ከመዘንሽ ፍሬው ካልተዘፈዘፈው በግማሽ ያንሳል። ማታ ደረቅ ሳለ ፍሬ ቁጠሪ። የተሰበረውንና የተነቀዘውን ልቀሚ። 100 ለዚህ፣ 100 ለዚያ። ስትከፍዪም ዓይንሽ እየመረጠ እንዳይሆን። አደባልቀሽ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ እያልሽ አድርሺ። እጅ ሳይታወቀው ትልልቁን ወደ ወደደው ይወስዳል።

የእሳቱን ነገር ደግሞ በቀላሉ መገላገል ይቻላል። ለምን በሁለት ድስት? ሁለቱንም በአንድ ድስት ቀቅያቸው! ከንጹህ ሻሽ ሁለት ከረጢት ስፊ። ያልተዘፈዘፈውን በቀይ ክር፣ የተዘፈዘፈውን በጥቁር ክር እሰሪ። ውሃው ሲንተከተክ ሁለቱንም እኩል ጣል። ከሰሉ ቢሞት ለሁለቱም ሞተ፣ ቢነድም ለሁለቱም ነደደ።

ጠመኔ
ሰኞ፣ ማታ 3:31

ይቺ የከረጢት ነገር ተመችታኛለች። አንድ ነገር ልጨምር። ከረጢቶቹ የድስቱን ቂጥ እንዳይነኩ። የነካው ይቀድማል። ድስቱ አፍ ላይ እንጨት አጋድሙና ሁለቱንም እኩል ዝቅ አድርጋችሁ አንጠልጥሉ።

አቶቴ_10ኛ
ማክሰኞ፣ ቀን 10:15

ቲቸር፣ ጥቁር ውሃ፣ እትዬ፣ በጣም አመሰግናለሁ! የከረጢቱን ነገር ለቡድኔ ስነግራቸው በጣም ነው የወደዱት።

ትናንት ማታ ሁለቱን አስቀምጬ ጠየቅኳቸው። እናቴ፦ «የተዘፈዘፈው በግማሽ ሰዓት ካልቀደመ... አይ፣ በግማሽ ጊዜ ካልበሰለ ተሸንፌያለሁ።» አክስቴ፦ «ሁልጊዜ ከቀደመ ተሸንፌያለሁ፣ አንዴ ግን በአጋጣሚ ነው።» ጻፍኩት። ሁለቱም ፈረሙ። አባቴ ምስክር ሆኖ ፈረመ።

አሁን የከበደኝ ሌላ ነው። «በሰለ» የሚባለው መቼ ነው? እናቴ ትቀምሳለች። እኔም ልቅመስ?

ጥቁር_ውሃ
ማክሰኞ፣ ቀን 11:02

አትቅመሺ። ይሄን ጠበቅ አድርጌ ነው የምለው። ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን አለው። አራት አምስት ጥሬ ፍሬ እንኳ ክፉኛ ሊያስመልስና ሊያስቀምጥ ይችላል። በደንብ ሲፈላ ይጠፋል፣ ለብ ባለ ውሃ ብቻ ግን አይጠፋም። እናንተ ደግሞ የምትቀምሱት ግማሽ ጥሬውን ነው። ሙከራው ላይ የተቆነጠረው ሁሉ ወደ ቆሻሻ።

ለመለካት ጣት ይበቃል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የማትሰን ማብሰያ የሚባል መሣሪያ አለ። 25 ፍሬ በየጉድጓዱ ይደረደራል። በእያንዳንዱ ላይ ከባድ መርፌ ይቆምበታል። ፍሬው ሲለሰልስ መርፌው ሰርስሮ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ከ25ቱ 20ው ሲወርዱ «በሰለ» ይባላል። እናንተም እንዲህ በሉ። በየ5 ደቂቃው ከየከረጢቱ 5 ፍሬ ይወጣል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገባ ተደርጎ ይወጣል፣ ጣት እንዳያቃጥል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ይጨፈለቃል። መሀሉ ላይ ደረቅ ነገር ካልቆረቆረ በስሏል። ከ5ቱ 4ቱ ከበሰሉ ያ ከረጢት ጨረሰ፣ ሰዓቱ ይጻፋል። ይህን ዛሬ ደብተር ላይ አስፍሩት። ድስቱ ተጥዶ ሕግ ማውጣት አይፈቀድም።

አባ_ኮዳ
ማክሰኞ፣ ቀን 11:20

ሰሞኑን ከቦሎቄ ተጣልቻለሁ። መጋበዙን ሰርዣለሁ።

ግን ከምር ልጠይቅ። አገር ምድሩ የሚያውቀውን ነገር መሞከር ምን ያደርጋል? ቦሎቄ ሲዘፈዘፍ ይለሰልሳል። አለቀ። የኔ አያትም ያውቁ ነበር።

ጠመኔ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:10

አባ ኮዳ፣ ጥሩ ጠየቅህ። አገር የሚያውቀው ነገር ውስጥ ማንም ያላየው ሊኖር ይችላል። የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ልንገርህ።

እ.ኤ.አ. 1964 ነው። ዓድዋ። ወጣት ተመራማሪ ናቸው፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠናሉ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እንዶድ እንደ ሳሙና ማገልገሉን የማያውቅ አበሻ አለ? ለስንት ዘመን ታጥቦበታል። አክሊሉ ግን ቀና ብለው አላለፉም። ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በሌላው የወንዙ ክፍል ያን ያህል የሞተ የለም።

እዚህ ላይ ቆመው «እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል» ቢሉ ማን ይከለክላቸው ነበር? ግን ከዚያ ቦታ የሚወርደው እንዶድ ብቻ አይደለም። የልብስ እድፍ አለ፣ ሰው ውሃውን ይረግጣል፣ ከላይ ምን እንደመጣም አይታወቅም። ስለዚህ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ውስጥ አድርገው የእንዶዱን አረፋ አስጨመሩበት። ሞቱ። ከዚያ ወደ ቤተ ሙከራ ተኬደ። ስንት ግራም በስንት ሊትር ውሃ፣ ለስንት ሰዓት፣ ሌላ ፍጡርስ ይጎዳል ወይ፣ የቱ የእንዶድ ዓይነት ይበልጣል። ብዙ ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ።

እንግዲህ አያቶቻችን ያውቁ የነበረው «እንዶድ ያጥባል» የሚለውን ነው። አክሊሉ ያዩት ከታጠበ በኋላ ወደ ታች የሚወርደውን ነው። የአቶቴ እናትም «በግማሽ» ብለዋል። አያትህ ስንት እጅ እንደሚቀንስ ነግረውህ ነበር?

አባ_ኮዳ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:25

አልነገሩኝም። እሺ ተረታሁ፣ ቀጥሉ።

ዘጠነኛ_ለ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:48

ሰላም፣ እኔም ክበቡ ውስጥ ነኝ። ከላብ ቴርሞሜትር አውጥተን ፈትሸነው ነበር፣ ተበላሽቷል መሰለኝ። የፈላ ውሃ ውስጥ ስናስገባው 94 ላይ ቆመ። 100 መሆን አልነበረበትም? ሌላ እንቀይር?

ጠመኔ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:15

እንዳትቀይሩት! ደህና ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ውሃውን የሚጫነው ይቀንሳል፣ ውሃው ቀደም ብሎ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። አስሉት፣ 94 አካባቢ ይመጣል። ቴርሞሜትራችሁ እንዲያውም ልክ ነው። ለማረጋገጥ በረዶ ፈጭታችሁ ጥቂት ውሃ ጨምሩበት፣ በደንብ አማስሉና አስገቡት። ዜሮ አካባቢ ከቆመ እመኑት።

መጽሐፉ 100 ይላል፣ ቴርሞሜትሩ 94 ይላል። እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ተማሪ 100 ብሎ ይጽፋል። ፈተና ላይ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ያያችሁትን ጻፉ፣ ከዚያ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ሸገር_ነኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

አሃ! ለካ ለዚህ ነው። ከሀዋሳ ቦሎቄ ይዤ መጥቼ አዲስ አበባ ስቀቅለው አልበስል ያለኝ። ሻጩን ስረግመው ነበር።

ጠመኔ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:44

አዲስ አበባ ውሃ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ መዘግየቱ ያለ ነው። ሻጩ ንጹሕ ነው ብዬ ግን አልምልም። ያንተም ውሃ ሌላ፣ ምድጃም ሌላ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃም ቦሎቄ ያዘገያል።

ዘጠነኛ_ለ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:58

እና ሦስተኛ ከረጢት ብንጨምርስ? በሶዳ የተዘፈዘፈ። አራተኛ ደግሞ በሐይቁ ውሃ። አሪፍ አይሆንም?

ጥቁር_ውሃ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

አሪፍ ይመስላል፣ ግን ተዉት። ሶዳው ከከረጢቱ ወጥቶ ድስቱን ሁሉ ይደርሰዋል፣ ያኔ ያልተዘፈዘፈውም በሶዳ ተቀቀለ ማለት ነው። ሶዳ በእርግጥ ያለሰልሳል፣ ቫይታሚን ቢ1ንም ይጎዳል። ራሱን የቻለ ሌላ ሙከራ ነው። የሐይቁ ውሃም እንደዚያው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ደግሞ የፍሎራይድ ጉዳይ አለበት፣ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ያከማቸዋል። በዚህ ዙር አንድ ጥያቄ ብቻ።

የጓዳ_ሰው
ማክሰኞ፣ ማታ 3:15

እኔ ሶዳ ጣል አድርጌ ነው ሠላሳ ሰው የማበላው። አሁን ቫይታሚን ትላላችሁ።

ናዝሬት_ልጅ
ረቡዕ፣ ጠዋት 4:20

ከአዳማ ነኝ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። «በሰለ» ማለት ምን እንደሆነ ቀድሞ መወሰን አለበት ያላችሁት ትልቅ ነገር ነው። የኢራስቶ ምፔምባን ታሪክ ታውቃላችሁ? ታንዛኒያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ተማሪ እያለ አይስክሬም ሲሠሩ ትኩሱን ወተት ሳያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተው። ቀድሞ የረጋው የሱ ነው። መምህሩን ሲጠይቅ ተሳቀበት። በኋላ ከዳሬሰላም የመጣ ኦስቦርን የተባለ የፊዚክስ ምሁር ንግግር ሲያደርግ ያንኑ ጠየቀው። ሰውየው ሳቅ አላለም፣ ሄዶ ሞከረው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሁለቱ አብረው ጽሑፍ አሳተሙ።

ደስ የሚለው ነገሩ እስከዛሬ አለመቆረጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች በጥንቃቄ ደግመውት «የሚያሳምን ማስረጃ አላገኘንም» ብለዋል። አንዱ ምክንያት ሰው «ቀዘቀዘ» ሲል የተለያየ ነገር ማለቱ ነው። አንዱ ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ ይላል፣ አንዱ የመጀመሪያዋ በረዶ ስትታይ፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ሲረጋ። ቴርሞሜትሩን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ እንኳ መልሱን ይለውጠዋል።

አቶቴ_10ኛ
ረቡዕ፣ ቀን 10:30

ዋው፣ የምፔምባን አላውቅም ነበር። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ስንት ጊዜ ልድገመው? የሚጨፈልቀውስ ማን ይሁን? እናቴ «እኔ ነኝ የማውቀው» ብላለች።

ጠመኔ
ረቡዕ፣ ማታ 1:00

ስንት ጊዜ ለሚለው፣ መዘፍዘፍ ምንም ጥቅም የለውም ብለሽ አስቢ። እንዲያ ከሆነ የትኛው ከረጢት እንደሚቀድም ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። አንዴ ሞክረሽ የተዘፈዘፈው ቢቀድም ከሁለት አንድ ዕድል ነው፣ አክስትሽ «አጋጣሚ» ቢሉ አፋቸውን አትዘጊም። ሦስቴ ሞክረሽ ሦስቴም ቢቀድም በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ 1 ከ8 ነው። አምስቴ ከአምስቴ ቢሆን 1 ከ32፣ 3 በመቶ ገደማ። አምስት ዙር በቂ ነው ባይ ነኝ። ከዚያ በላይ ከሰሉን ማን ይችለዋል?

ግን ስምምነት፦ አምስት ካላችሁ አምስት ነው። ሦስት ሠርታችሁ ውጤቱ ደስ ሲላችሁ ማቆም የለም። ደስ ካላላችሁም ስድስተኛ መጨመር የለም።

የሚጨፈልቀው ሰው ደግሞ የትኛው የቱ እንደሆነ የማያውቅ ይሁን። እናትሽ አይሆኑም፣ አክስትሽም አይሆኑም፣ ለሁለቱም ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆኗል። ሰው ሳይዋሽ ጣቱ ያዳላል።

አባ_ኮዳ
ረቡዕ፣ ማታ 1:12

ይቺን አውቃታለሁ። በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበረ፣ ሒሳብ ይሠራል ተብሎ አገር ጉድ ያለበት። ሦስት ሲደመር ሁለት ሲሉት በኮቴው አምስት ጊዜ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ1907 ፕፉንግስት የተባለ ሰውዬ ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ አስጠየቀው። ፈረሱ ዜሮ! ለካ የሚያየው የጠያቂውን ፊት ኖሯል። መልሱ ጋ ሲደርስ ሰውየው ሳያውቀው ትንሽ ይነቃነቃል፣ ፈረሱ ያቆማል። ባለቤቱ አጭበርባሪ አልነበረም፣ ከልቡ ያምን ነበር።

ጥቁር_ውሃ
ረቡዕ፣ ማታ 1:30

አባ ኮዳ እንዲህም ያውቃል እንዴ! ትክክል ነው።

አደራረጉ፦ አንድ ሰው ከከረጢት ያወጣል፣ ሳንቲም ጥሎ በሁለት ሳህን ላይ ያስቀምጣል። ሌላ ክፍል ያለ ሰው ይጨፈልቃል፣ «በስሏል፣ አልበሰለም» ብቻ ይላል። ሦስተኛው ይጽፋል። ግን ልብ በሉ፣ መጀመሪያ አካባቢ ያልተዘፈዘፈው የተሸበሸበ ስለሚሆን በዓይን ይለያል። ጨፍላቂው ዓይኑን በሻሽ ይታሰር። በጣቱም ሊጠረጥር ይችላል፣ እሱን ማጥፋት አይቻልም። ሪፖርታችሁ ላይ አንድ መስመር ጻፉት በቃ።

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

አቶቴ_10ኛ
እሁድ፣ ማታ 12:50

ተመልሻለሁ! አምስቱም ዙር አልቋል። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቼ ለጥፌያለሁ፣ ቡናው የፈሰሰበት የወንድሜ ሥራ ነው።

በአምስቱም ዙር የተዘፈዘፈው ቀደመ። አንዴም ግን በግማሽ ጊዜ አልበሰለም። በጣም የተጠጋው ዙር እንኳ ግማሽ አልደረሰም።

አራተኛው ዙር ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር የጣድነው፣ ዝናብ ስለነበር። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ቀጠልን። ደቂቃው ከሌሎቹ ሁሉ ረዘመ። ቡድኔ ውስጥ «ይሰረዝ» ያሉ አሉ፣ ገበታውን ያበላሻል ብለው። ምን ትላላችሁ?

ሌላው ችግር ቤት ውስጥ ነው። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላቸው። በወረቀቱ መሠረት ሁለቱም ተሸንፈዋል! አክስቴ በሳቅ ሞተች፣ ተቀበለች። እናቴ ግን «እኔ ከሰል ነው ያልኩት። ሰዓት አልኩ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ጠመኔ
እሁድ፣ ማታ 1:35

በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። ደብተሩን አየሁት። በእስክሪብቶ ነው፣ የተሳሳተውም በአንድ መስመር ተሰርዞ ከሥሩ ይነበባል። እንዲህ ነው የሚፈለገው።

አራተኛውን ዙር እንዳትሰርዙት። «መብራት ጠፍቶ ነበር» ብላችሁ ከጎኑ ጻፉ። የየዙሩን አማካይ ደቂቃ ስታወጡ አንዴ ከነእሱ፣ አንዴ ያለእሱ አሳዩ። የትኛው ቀደመ ለሚለው ግን ዙሩ ይቆጠራል። ሁለቱ ከረጢቶች አንድ ድስት ውስጥ ነበሩ፣ መብራቱ የጠፋው ለሁለቱም ነው። በሁለት ምድጃ ብትሠሩት ኖሮ ዙሩ ገደል ገብቶ ነበር።

አሁን ወደ እናትሽ። እናትሽ ልክ ናቸው። የፈረሙት ሌላ ቢሆንም መጀመሪያ ያሉት ይኸው የመጀመሪያ ጽሑፍሽ ላይ አለ፣ «ከሰሉን በግማሽ ይቀንሳል»። እናንተ የለካችሁት ደቂቃ ነው። ደቂቃ ሲቀንስ ከሰል በዚያው ልክ ይቀንሳል ብሎ ነገር የለም። ከሰል መጀመሪያ ሲቀጣጠልና ውሃው እስኪፈላ ብዙ ይበላል፣ ያ ለሁለቱም እኩል ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ «መዘፍዘፍ ከሰል ይቆጥባል» ብላችሁ እንዳትጽፉ። «መዘፍዘፍ የሚበስልበትን ጊዜ ያሳጥራል፣ በዚህ ቦሎቄ፣ በዚህ ውሃ፣ ሀዋሳ ላይ» ብላችሁ ጻፉ።

ዘጠነኛ_ለ
እሁድ፣ ማታ 1:50

ፖስተሩን «ከሰል የሚቆጥብ ዘዴ» ብለን አሠርተነዋል እኮ! ተከፍሎበታል።

ጠመኔ
እሁድ፣ ማታ 1:53

ወረቀት ለጥፉበት።

ጥቁር_ውሃ
እሁድ፣ ማታ 2:10

ወይም ኤግዚቢሽኑ ገና ከሆነ ከሰሉን ለኩት። ያኔ የከረጢቱ ዘዴ አይሠራም፣ ሁለት ማንደጃና ሁለት እኩል ድስት ያስፈልጋል። ከአንድ ማዳበሪያ እኩል ከሰል መዝናችሁ አቀጣጥሉ። አንዱ ድስት ሲበስል የዚያን ማንደጃ ከሰል ወዲያው ክዳን ባለው ቆርቆሮ አፍናችሁ አጥፉ። ውሃ እንዳትረጩበት፣ እርጥብ ከሰል ይከብዳል፣ ሚዛኑን ያሳስታል። ሲበርድ የተረፈውን መዝኑ። የሚቀጥለው ዙር ላይ ማንደጃዎቹን አቀያይሩ፣ አንዱ በባሕርይው እሳት የሚበላ ሊሆን ይችላል። ውጭ ነው የሚሠራው ታዲያ፣ ቤት ዘግታችሁ እንዳትሞክሩት። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል።

ደግሞም እናትየው አሁኑኑ ይፈርሙ፣ «ከሰል በክብደት» ተብሎ ይጻፍ።

የጓዳ_ሰው
እሁድ፣ ማታ 2:25

ሁለት አንድ ዓይነት ማንደጃ እኔ ጋ አለ። አንድ ቀን የተገዙ ናቸው። ፒያሳ አካባቢ ነኝ፣ በግል መልእክት ጻፊልኝ ልጄ፣ ቦታውን እነግርሻለሁ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይበዛብኛል። ከሐሙስ ጀምሮ ከሰዓት ጓሮው ባዶ ነው፣ ኑና ሥሩበት። ሚዛን ግን የለኝም፣ በጣሳ ነው የምሰፍረው።

አቶቴ_10ኛ
እሁድ፣ ማታ 2:40

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ! ሐሙስ ከትምህርት በኋላ አራት ሆነን እንመጣለን። ሚዛኑን ከላብ እናስፈቅዳለን። እናቴ ፈርማለች፣ አክስቴ ግን «ከሰሉን ስትመዝኑ እኔም ልኑር» ብላለች። ችግር አለው?

ጥቁር_ውሃ
እሁድ፣ ማታ 2:46

መመዘን ትችላለች። የትኛው ማንደጃ የየትኛው ድስት እንደሆነ ግን እንዳትነግሯት።